ለብስክሌት ልብስ የቆረጡት አማቴ

አማቴ ጨርቅ ቆራጭ ናቸው፤ ሰፊ አይደሉም። ይህን ልዩነት ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ተነግሮት ነው የሚወጣው። ሰፊ ብትሳሳት ተርትራ ትጀምራለች። ቆራጭ ከተሳሳተ ግን መመለሻ የለውም። በዚያ ላይ አማቴ የሚቆርጡት አንድ ልብስ ብቻ አይደለም። ጨርቁን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ እንደ ፍራሽ ይደራርባሉ፤ ከላይ የካርቶን ሞዴሉን አስቀምጠው በጠመኔ ዙሪያውን ያሰምራሉ፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ቢላዋውን ይዘው መስመሩን ይከተላሉ። የሆስፒታል ጋዋን፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመካኒክ ቱታ ሁሉ በእሳቸው እጅ ካላለፈ ሰፊዎቹ ጋ አይደርስም።

ገና ጀማሪ ሳሉ የእጅጌውን ካርቶን መገልበጥ ረሱ አሉ። ካርቶኑ አንዴ በፊቱ፣ አንዴ በጀርባው ካልተቀመጠ ቀኝና ግራ አይወጣም። እሳቸው የተደራረበውን ጨርቅ በሙሉ ቀኝ እጅጌ አድርገው ቆርጠው አስረከቡት። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ማንኛውም የሞኝ ስህተት ስሙ “ሁለት ቀኝ እጅጌ” ነው። ባለቤቴ የቤቱን መብራት ሲሠራ የሳሎኑን ማብሪያ መኝታ ቤት ውስጥ የገጠመው ጊዜ እናቱ ቀና ብለው አይተውት፣ “ሁለት ቀኝ እጅጌ” ብለው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

የሚሠሩበት የስፌት ድርጅት ለብዙ ዓመት ከቤታችን በእግር የሚደረስ ቦታ ነበር። አሠሪው ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አማቴ በዳዴ ከሚሄድበት ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሠራተኛውን ሰብስቦ ቤቱ ጠቦናል አለ። በባቡር መስመሩ ላይ በሚቀጥለው ከተማ ሰፊ ሼድ ተከራይቷል። መምጣት የሚችል ይምጣ፣ የማይችለውን አልቀየመውም ብሎ ተናገረና አማቴን ለብቻቸው ወደ ጠረጴዛው ወሰዳቸው።

“እትዬ፣ የእርስዎ ነገር ይለያል” አላቸው። “አንዷ ሰፊ ብታረፍድ አንድ መኪና ነው የሚቆም። እርስዎ ካረፈዱ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። እዚያው ሰፈር አንዲት ጎበዝ ቆራጭ አለች ብለውኛል። የመጀመሪያውን ወር ልይዎት። አንድ ቀን ቢያረፍዱ ምንም አይደል። ከደገሙ ግን ጠረጴዛውን ለእሷ እሰጣለሁ።”

“ይሄን ጠረጴዛ ከአባትህ ጋር ያቆምኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው አስቀድሜ የምነግርዎት።”

አማቴ የዚያን ቀን ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ነገሩ ግልጽ ነበር። በእሳቸው ዕድሜ ያለች ቆራጭ አዲስ የሚቀጥር የለም። ጠረጴዛው ከሄደ ሙያው አብሮ ሄደ ማለት ነው።

“እማዬ፣ በቃ ተይው” አለ ባለቤቴ። “እኔ አለሁ አይደል? ቤት ሆነሽ ልጅ ትይዢልናለሽ።”

“ልጅህ ጨርቅ ናት እንዴ ልቆርጣት?” አሉት።

እኔ ነገር ሲወሳሰብብኝ ከፋፍዬ ማየት ይቀናኛል። መንገዱን ለሦስት ከፈልኩት። መሐሉ፣ የባቡሩ፣ ምንም ችግር የለውም። የንጋቱ ባቡር በደህና ጊዜ ይደርሳል። ችግሩ ሁለቱ ጫፎች ናቸው። ከኛ ቤት እስከ ጣቢያው ሩቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። እዚያ ከጣቢያው እስከ ሼዱ ደግሞ ረጅም የጠጠር መንገድ አለ። ሰፊዎቹ በእግራቸው ሄደው ለሥራ መጀመሪያው ይደርሳሉ። ቆራጭ ግን ከእነሱ ቀድማ ደርሳ፣ ጨርቁን ደርድራ፣ የመጀመሪያውን የጨርቅ እስር ቆርጣ መጠበቅ አለባት።

በረንዳው ላይ የባለቤቴ አሮጌ ብስክሌት ነበር። ሞተር ሳይክል ከገዛ ወዲህ የልጃችን ልብስ ማስጫ አድርጌዋለሁ።

“እማማ፣ ብስክሌቱን ይዘው ባቡሩ ላይ ቢወጡስ?” አልኳቸው።

ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። “እማዬ? ብስክሌት?”

ባይስቅ ኖሮ እንጃ። አማቴ ግን ጫማቸውን እንዳደረጉ ተነሥተው በረንዳ ወጡ፤ ከብስክሌቱ ላይ የሕፃን ካልሲ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ “ይሄ ነገር ፍሬን አለው?” ብለው ጠየቁ።

በማግስቱ በገዛ ልካቸው ለብስክሌት የሚመች ሱሪ ቆረጡ። ልምምዱን የያዝነው ቅዳሜ ከሥራ በኋላና እሑድ፣ ባዶ በሚሆነው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ልጄን አዝዬ ኮርቻውን ከኋላ እይዛለሁ፤ እሳቸው ጎማውን ቁልቁል እያዩ ይወላገዳሉ።

“እማማ፣ ጎማውን አይዩት፤ ወደፊት ነው የሚያዩት።”

“የት እንደሚሄድ ካላየሁት በምን አውቃለሁ?”

አንዴ ከአጥሩ፣ አንዴ ከቆሻሻ በርሜሉ ጋር ከተላተሙ በኋላ ከብስክሌቱ ወረዱ። ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። የሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብለው ሲሚንቶው ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ እንደ ብብት ቅድ የሚታጠፍ።

“ቢላዋውን ስነዳ ቢላዋውን አላየውም” አሉኝ። “መስመሩን ነው የማየው። አሁን ልቀቂኝ።”

ለቀቅኳቸው። እስከ መታጠፊያው ሄዱ፣ ታጠፉ፣ ተመለሱ። የግቢው ጥበቃ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ “እትዬ፣ ግቢዬን ሊቆርጡት ነው እንዴ?” አላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈሩ ሰው ያወጣላቸው ስም “እትዬ ፔዳል” ሆነ። ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ፤ ግን ደስ ይላቸዋል፣ እኔ አውቃለሁ።

ሥራው እዚያ ከመጀመሩ በፊት በነበረው እሑድ አማቴ ልክ ሊወስዱ ጣቢያ ሄዱ። ያለ ልክ የጀመሩት ነገር የለም። ብስክሌት የሚጫነው ዕቃ ፉርጎ ላይ ነው፤ ባቡሩ የሚቆመው ደግሞ ለአፍታ ስለሆነ ፉርጎው የት እንደሚመጣ አውቆ እዚያው ጋ መቆም ያስፈልጋል። የማታውን ባቡር ሲገባ አዩት። ዕቃ ፉርጎው ጭራው ላይ ነው። “ጭራ” ብለው በአእምሯቸው ይዘው ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ባቡሩ ሲመጣ ጭራው በሚያርፍበት በኩል ብስክሌታቸውን ይዘው ቆመዋል። ጭራው መጣ። ዕቃ ፉርጎ የለም። ቀና ቢሉ ፉርጎው በዚያኛው ጫፍ፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ቆሟል። የሚጎትተው ሞተር መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ተፈትቶ በሌላኛው በኩል ይቀጠላል እንጂ ባቡሩ አይዞርም፤ ስለዚህ ማታ ጭራ የነበረው ጠዋት ራስ ይሆናል። አማቴ ብስክሌቱን እየገፉ ሕዝቡን እየሰነጠቁ ሮጡ። ፊሽካው ተነፋ፤ በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ሄደ።

በሚቀጥለው ባቡር ደረሱ። ሼዱ ውስጥ ሰፊዎቹ በየመኪናቸው ፊት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አሠሪው አልተቆጣም። አንድ ጣቱን ብቻ አነሣ።

ማታ ሲገቡ፣ “እንዴት ዋሉ?” አልኳቸው።

“ሁለት ቀኝ እጅጌ” አሉኝ። “ካርቶኑን ሳልገለብጥ።” እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከትተው ብዙ ቆዩ። የተፈቀደላቸው አንድ ማርፈድ በመጀመሪያው ቀን አለቀ።

ከዚያ በኋላ ግን አልተሳሳቱም። በጠዋት በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ይወጣሉ። ብስክሌቱን እየነዱ ጣቢያ ይደርሳሉ፤ በትክክለኛው ጫፍ ይቆማሉ፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ ከላይ ሆኖ መሪውን ይይዝላቸዋል፣ እሳቸው ከታች ይገፋሉ። ይሄ ተቆጣጣሪ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነው። ሥራቸውን ሲሰማ፣ “እኔ ትኬት እርስዎ ጨርቅ፤ ሁለታችንም ቆራጮች ነን” አላቸው።

“አንተማ መስመሩን ሌላ ሰው አስምሮልህ” አሉት።

እዚያ ሲወርዱ የጠጠሩን መንገድ ይይዛሉ። ሰፊዎቹ ከባቡሩ ወርደው በእግር ሲጀምሩ አማቴ ደወላቸውን እያቃጨሉ ያልፏቸዋል። ኮሌታ የምትሰፋው ጓደኛቸው፣ “እትዬ፣ ኋላው ባዶ ነው፣ ጫኑኝ እንጂ” ትላቸዋለች። “ክብደትሽን ቀንሺና ነገ” ብለዋት ይሄዳሉ። ሰፊዎቹ ሲደርሱ የመጀመሪያው እስር ተቆርጦ፣ በጨርቅ ቁራጭ ታስሮ፣ በየመኪናው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ሳምንት በሳምንት ላይ ሄደ። እኔ ልቤ እየረጋ መጣ። እንዲያውም ብስክሌቱ ሲወጣ የልብስ ማስጫዬ በመሄዱ አዲስ ገመድ ወጠርኩ።

የወሩ መጨረሻ ሳምንት ሊገባ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተቆጣጣሪው ብስክሌቱን ሲያወርድላቸው አልቀለደም።

“እናቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ፉርጎ የለም። ለጥገና ሊገባ ነው። መቼ እንደሚወጣም አልነገሩንም።”

“ብስክሌቴስ?”

“ሰው ፉርጎ ውስጥ ብስክሌት አይገባም። አንድ ሰው በእጁ የሚይዘው፣ የታሸገ፣ ሌላውን የማያቆሽሽ ዕቃ ነው የሚፈቀደው። ይኸው እዚያ ተለጥፏል። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።”

ቤት ሲገቡ ብስክሌቱን እንደ ወትሮው በረንዳ ላይ አላቆሙትም። ይዘውት ሳሎን ገቡና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። የሆነውን ሲነግሩን ባለቤቴ መላ መፈለግ ጀመረ። ቀድሞ የሚወጣ ባቡር የለም። ሌላ ብስክሌት ገዝቶ እዚያኛው ጣቢያ ማስቀመጥም አይሆንም፤ እዚያ ያቆመ ሰው ሲመለስ የሚጠብቀው ኮርቻው ብቻ ነው። በሞተር ሳይክሉ ላድርስሽ አለ፤ ያን ሁሉ መንገድ በየጠዋቱ ሄዶ ተመልሶ የራሱን ሥራ መቼ ሊሠራ?

“እማዬ፣ ሞክረሻል” አለ በመጨረሻ። “ማንም አይወቅስሽም።”

አማቴ አልሰሙትም። ብስክሌቱን ነበር የሚያዩት፤ እንግዳ ደንበኛ ልብስ ላሰፋ ብሎ ሲመጣ እንደሚያዩት፣ ከላይ እስከ ታች።

“የታሸገ ነው ያለኝ” አሉ። “ብስክሌት አትያዢ አላለኝም።”

“እና?”

“እና ልብስ እቆርጥለታለኋ።”

እሑድ ጠዋት ሳሎናችን ስፌት ቤት ሆነ። ሶፋውን ወደ ጥግ ገፋነው። መጠቅለያ ወረቀት አጣብቀን ወለሉን ሸፈንንና ብስክሌቱን በጎኑ አስተኛነው። ባለቤቴ ሜትር ይዞ ጣቢያ ተላከ፤ የባቡሩን በር ስፋት እንዲለካ። ተመልሶ፣ “የጣቢያው ጥበቃ ምን ልታደርግ ነው ብሎ አፈጠጠብኝ” አለ። “እናቴ ሻንጣ ልታስገባ ነው ስለው ይበልጥ ጠረጠረኝ።”

የመጣው ልክ ግን መጥፎ ነበር። ብስክሌቱ እንዳለ በሩን አያልፍም። አማቴ በጉልበታቸው ተንበርክከው ዙሪያውን ሄዱ።

“ትከሻው ሰፊ ነው፤ ወገብ የለውም” አሉ። “መፍቻ አምጡልኝ።”

የፊቱን ጎማ ፈቱት። መሪውን አላልተው ከዘንጉ ጋር ትይዩ እስኪሆን አዞሩት። የወለቀውን ጎማ ጎኑ ላይ አስተኙት። አሁን የነበረው ትልቅ ነገር ሳይሆን ጉልበቱን አጥፎ የተኛ ሰው የሚመስል ጠፍጣፋ ነገር ሆነ። እንደገና ለኩ። በሩን ያልፋል። ጠመኔያቸውን አንሥተው ወረቀቱ ላይ ዙሪያውን አሰመሩ። ልጄ መሐል ገብታ ፔዳሉ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ “አንቺ ሌላ ቀን ትለኪያለሽ” ብለው አነሷት።

“እማዬ፣ ኪስም ታወጪለታለሽ?” አለ ባለቤቴ እየሳቀ።

“መፍቻው የት ሊገባ ነው ታዲያ?”

ጨርቁን ያገኘነው ከጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ጎረቤታችን የተቀደደ የሸራ ልባስ ነበረው፤ ውኃ የማያስገባ፣ እንደ ጣውላ የሚደርቅ። የደህናውን ክፍል መርጠው፣ እንዳይባክን በወረቀቱ ልክ የሠሩትን ካርቶን ሦስት አራት ጊዜ አዟዙረው አስቀምጠው፣ በትልቁ መቀሳቸው ቆረጡት። ካቴናው በሚያርፍበት በኩል ዘይቱ እንዳይወጣ ሁለተኛ ሽፋን ጨመሩ። ለትከሻ የሚሆነውን ማሰሪያ እንደ ልጅ ማዘያ ሰፊ አድርገው አወጡት።

መስፋቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። አማቴ ስፌት ላይ ሲቀመጡ የተቀጡ ይመስላቸዋል። ኮሌታ ሰፊዋ ተጠርታ መጣች። የእኔን የእግር ስፌት መኪና ነካ ነካ አድርጋ፣ “ይሄ ለዳይፐር ጨርቅ ነው የተሠራው” አለች።

“ኮሌታ እንጂ ሸራ አልችልም በዪ፤ ሌላ ሰው እጠራለሁ” አሏት።

“ኧረ እንዴት ተደርጎ።” ተቀመጠች። መርፌ ሰበረች፤ ሌላ ቀየረች። ወፍራሙ ቦታ ላይ እኔ መሽከርክሪቱን በእጄ እየረዳሁ፣ እሷ ሸራውን በሁለት እጇ እየገፋች፣ አማቴ ከበላያችን ቆመው “ቀጥ አድርጊው፣ ቀጥ” እያሉ ዚፑ ተሰፋ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ዋሉ። ፈትቶ ማልበስ፣ አውልቆ መግጠም። መጀመሪያ ላይ እኔ አንድ ሙሉ ጡጦ አጥብቼ እስክጨርስ ገና መሪው ላይ ነበሩ። እየቆየ እጃቸው መንገዱን ለመደው። በመጨረሻ ባለቤቴን ዓይኑን እያዩ፣ ብሎኑን ሳያዩ አጠበቁት።

ሰኞ ጠዋት ልጄን አዝዬ ቀድሜያቸው በእግሬ ወጥቼ ጣቢያ ሄድኩ። ምንም ላደርግ አልችልም ነበር፤ ግን ቤት ተቀምጬ መጠበቅ አልቻልኩም። እሳቸው ጣቢያው ደጃፍ ላይ ወርደው ብስክሌቱን ገለበጡት። ሰው መክበብ ጀመረ። ጎማው ወለቀ፣ መሪው ዞረ፣ ሸራው ተለበሰ፣ ዚፑ ተዘጋ። አንዱ ሽማግሌ፣ “ምን ገድላ ነው የምትሸፍነው?” ሲሉ ሰማሁ።

ባቡሩ ቆመ። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ነው። አማቴን አየ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው ላይ ያለውን አየ።

“ምንድነው ይሄ እናቴ?”

“ሻንጣ።”

“ውስጡ ምን አለ?”

“ልጄ፣ የሌላውን መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ምን እንዳለ ትጠይቃለህ?”

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ተቆጣጣሪው ወርዶ ዙሪያውን ሄደ። በጣቱ ካቴናው ያለበትን በኩል ነካ አድርጎ ጣቱን አየው። ንጹሕ ነው። ዚፑን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ተከተለው።

“ብስክሌት ነው አይደል?”

“ቅዳሜ ብስክሌት ነበር። አንተ የታሸገ አልክ፣ አሸግሁት። በእጅ የሚያዝ አልክ፣ ይኸው ይዤዋለሁ። ሰው አያቆሽሽ አልክ፣ ጣትህን አይተኸዋል። የቀረ አለ?”

“ብቻዎን ይዘው ሲወጡ ልይ እስቲ።”

አማቴ ማሰሪያውን ትከሻቸው ላይ አደላድለው ሰውነታቸውን ወደ ጎን ሰጡና ደረጃውን አንድ፣ ሁለት ብለው ወጡት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሸራው ሁለቱንም ጎን ነክቶ አለፈ። ባለቤቴ የለካው ልክ ነበር።

ተቆጣጣሪው ፊሽካውን ከአፉ ሳያደርስ፣ “ሕጉ ሻንጣን አይከለክልም” አለ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለሕዝቡ። ከዚያ ነፋው። አማቴ በመስኮቱ በኩል አላዩኝም። መፍቻው ኪሱ ውስጥ መኖሩን እየነካኩ ነበር።

የቀረውን ኮሌታ ሰፊዋ ነች የነገረችኝ፤ አማቴ ሲነግሩኝ ያሳጥሩታልና። አሠሪው ብስክሌት መከልከሉን ቅዳሜውኑ ሰምቷል። ያቺን የሰፈሩን ቆራጭ ሰኞ ጠዋት ነይ ብሎ ቀጥሯታል። ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ዝናብ ጀምሯል። ሰፊዎቹ በእግር መንገድ ሲጀምሩ አማቴ ጣራው ሥር ተንበርክከው ብሎን እያጠበቁ ነበር። “ጎማው አልገባላቸውም፤ ጥለናቸው መሄድ ከበደን” አለችኝ። “ሂዱ አሉን። ሄድን። መንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ደወል ሰማን። ሸራው ጀርባቸው ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። ሳያዩን አለፉ። መስመሩን ነበር የሚያዩት።”

ሼዱ ውስጥ አሠሪው ከአዲሲቷ ቆራጭ ጋር ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ሞዴሎቹን እያሳያት ነበር። አማቴ ገቡ፤ እጃቸውን ታጠቡ፤ ደረቅ ጋዋን ደረቡ፤ ሴትዮዋን “እንደምን አደርሽ እህቴ” ብለው በመሐላቸው አልፈው የጨርቁን ጥቅል ጎተቱ። ጨርቁ ተደረደረ፤ ካርቶኑ ተቀመጠ፤ ተሰመረ፤ ቢላዋው ጮኸ። ሰፊዎቹ ጫማቸውን በሩ ላይ እየጠረጉ ሲገቡ የመጀመሪያው እስር በየመኪናው ላይ እየተቀመጠ ነበር።

አሠሪው የግድግዳውን ሰዓት አየ። ከዚያ በሩ ጋ የተንጠለጠለውን እርጥብ ሸራ አየ።

“እትዬ፣ በምን መጡ?”

“በባቡርና በብስክሌት።”

“ብስክሌት ተከልክሏል ተባለ እኮ።”

“ለእርቃኑ ነው የተከለከለው።”

ሄዶ ሸራውን አገላበጠው። የስፌት ቤት ልጅ ነውና መጀመሪያ የሚያየው ስፌቱን ነው። ማዕዘኑን፣ የካቴናውን ድርብ፣ የመፍቻውን ኪስ እየነካ ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቆ እስከ በሩ ሸኛት። ለአማቴ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ወሩ ዛሬ አለቀ በሉት። ጠረጴዛው የእርስዎ ነው።”

“አባትህም ሲያቆመው እንደዚሁ ነው ያለኝ” ብለው ቢላዋቸውን አነሡ።

ዕቃ ፉርጎው ከጥገና ሳይመለስ ብዙ ቆየ። በዚህ መሐል ኮሌታ ሰፊዋ ብስክሌት ገዛች። ቀጥላ የእጅጌ ሰፊዋ፣ ከዚያ ልብስ የሚተኩሰው። ቆራጭ ለአንድ ሰው ብሎ አይቆርጥም፤ አማቴ የልብሱን ካርቶን የዚያን እሑድ ነበር ሠርተው ያስቀመጡት። በእረፍት ቀን ሳሎናችን ውስጥ ይቆርጣሉ፤ ኮሌታ ሰፊዋ ትሰፋለች፤ እኔ ዚፕ እይዛለሁ። ከስፌት ቤቱ ውጭም ሰው መምጣት ጀመረ። የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሒሳብ መምህር። ባለቤቴ ሰው ሲጠይቀው፣ “እናቴ የብስክሌት ልብስ ሰፊ ናት” ይላል። “ቆራጭ” ብለው ያርሙታል።

በቅርቡ ልጄን ይዤ በዚያው የንጋት ባቡር ሄድኩ። ባቡር ተሳፍራ አታውቅምና ላሳፍራት ብዬ ነው። ሰው ፉርጎው ውስጥ በየበሩ ጥግ ሸራ የለበሱ ነገሮች ተደግፈዋል፤ ተቆጣጣሪው በመሐላቸው ሲያልፍ ሻንጣ እንደሚያልፍ አድርጎ ነው የሚያልፈው። ስንወርድ መሳፈሪያው ላይ ዚፕ በዚፕ ሆነ። ጎማ ይገባል፣ መሪ ይዞራል፣ አማቴ በመሐል እየተዘዋወሩ፣ “ብሎኑን አጥብቂ፣ በኋላ መንገድ ላይ አልፈልግሽም” ይላሉ።

“እማማ፣ ቀስ ብለን አብረን እንሂድ?” አልኳቸው።

“እናንተ በእግራችሁ ኑ” አሉኝ፤ አንድ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ነው። “እኔ ጠረጴዛ አለኝ።”

ነዱት። ሌሎቹ ተከተሏቸው፤ በጠጠሩ መንገድ ላይ ረድፍ ሠርተው፣ ቀሚሱ ሱሪው እየተውለበለበ፣ እየተጯጯሁ። ልጄ በጣቷ እየጠቆመች እስኪጠፉ አየቻቸው። በእግራችን ቀስ እያልን ሄደን ሼዱ ስንደርስ መኪናዎቹ ሁሉ እየተንጫጩ ነበር፤ በየሰፊዋ እጅ ላይ የተቆረጠ ጨርቅ አለ። አማቴ ከጠረጴዛው ማዶ በሁለተኛው ድርብርብ ጨርቅ ላይ ቢላዋቸውን እየነዱ ነው። ቀና ብለው አላዩንም።